ሰባተኛው ሰው ማን ነው? ከኤንኤፍኤል ሲዝን በፊት የቡድናችሁን ዲ-ላይን የምትመዝኑበት መመሪያ

ጁላይ ሲገባደድ የምሠራበት ሕንፃ ውስጥ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ስለ ኤንኤፍኤል፣ ጭቅጭቅ ይጀመራል። ገና አንድ ጨዋታ አልተደረገም። ካምፕ፣ የቅድመ ሲዝን ልምምዱ፣ መከፈቱ ነው። ጥበቃው፣ ሊፍት የሚጠግነው ሰውዬና ፓርኪንጉን የያዘው የኛ ልጅ ቡናቸውን ይዘው ይቆማሉ። "መሃላችን ሳስቷል፤ ዘንድሮም በላያችን ላይ ይሮጣሉ" ይላል አንዱ። "ምን ነካህ? 320 ፓውንድ የሚመዝን ሰው አስፈርመናል እኮ!" ይላል ሌላው። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ የተጫዋቾቹን ክብደት ያነባል፤ በግ ተራ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝም ብዬ እሰማ ነበር። ተከላካይ ሲባል የማውቀው በረኛው አጠገብ፣ ከሁሉም ኋላ የሚቆመውን ነው። እዚህ ተከላካዩ ከሁሉም ፊት ነው፤ ዲ-ላይን የሚባለው ይህ የፊት መስመር ነው፤ አፍንጫው የተጋጣሚውን አፍንጫ ሊነካ ምንም አይቀረው። ቆይቶ ነገሩ ሲገባኝና እኔም መከራከር ስጀምር አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው የሚጨቃጨቀው ሁልጊዜ ስለ መጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ነው። በተራ ሰባተኛ የሆነውን ተቀያሪ ማንም አያነሳውም። ኖቬምበር ሲደርስ ግን የምናየው እሱን ነው።

አንድ ሰዓት፣ አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃችኋል። አራት ዳውን፣ አሥር ያርድ የሚለውን ሕግ እንደምታውቁ ቆጥሬያለሁ።

1. ስሞቹን ሰብስቡ፤ በአርዕስቱ ግን አትታለሉ

የቡድኑን ድረ ገጽ ከፍታችሁ ሮስተሩን (የተጫዋቾቹን ዝርዝር) አውጡ። በካምፕ ወቅት አንድ ቡድን እስከ 90 ተጫዋች ይይዛል። "ዲፌንሲቭ ታክል"፣ "ኖዝ ታክል"፣ "ዲፌንሲቭ ኤንድ" የተባሉትን ሁሉ ጻፉ።

ወጥመዱ እዚህ ነው። አንዳንድ ቡድኖች ከጫፍ ተነስተው ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን መሪ) የሚያሳድዱትን ሰዎች "ላይንባከር" (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ብለው ይመዘግቧቸዋል። የፒትስበርጉ ቲ.ጄ. ዋት ሥራው ከጫፍ ማጥቃት ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ላይንባከር ነው። እነዚህን ከተዋችሁ "ጫፍ ላይ ሰው የለንም" ብላችሁ በከንቱ ትደነግጣላችሁ። ስለዚህ መዝገቡ ምንም ይበል ምን፣ ኳሱ ሲነሳ ዋና ሥራው ከጫፍ ወደ ኳርተርባኩ መገስገስ የሆነ ሰው ወረቀታችሁ ላይ ይግባ። በዘመኑ አነጋገር "ኤጅ" የሚባለው እሱ ነው።

ቡድኖች ኦገስት ላይ የሚያወጡትን ዴፕዝ ቻርትም (ማን ከማን ቀድሞ እንደሚሰለፍ የሚያሳየውን ዝርዝር) አትመኑት። "ኦፊሴላዊ ያልሆነ" የሚል ቃል የሚለጠፍበት ያለ ነገር አይደለም። አሠልጣኞች በዚያ ወቅት አዲሱን ልጅ ከታች፣ አንጋፋውን ከላይ ያስቀምጣሉ፤ ማንንም ላለማስከፋት።

2. ኪሎውን አስሉ፣ ከዚያ ጠርጥሩት

ፓውንድ ለኛ ጆሮ ብዙም አይናገርም። ቀላል ዘዴ አለኝ። ቁጥሩን ለሁለት አካፍሉ፤ ከውጤቱ ላይ አሥር በመቶውን ቀንሱ። 340 ፓውንድ ሲካፈል 170፣ 17 ሲቀነስ 153 ኪሎ ነው። ትክክለኛው 154 ስለሆነ ለቡና ላይ ክርክር ይበቃል።

አሁን ምስሉ ይመጣል። የታምፓ ቤዩ ቪታ ቬአ 347 ፓውንድ ተብሎ ተመዝግቧል፤ 157 ኪሎ መሆኑ ነው። ኩንታል ተኩል ጤፍ ከነጆንያው፣ እግር አውጥቶ ሲሮጥ አስቡት። ጆርዳን ዴቪስ በ2022 ኢንዲያናፖሊስ ላይ፣ አዲስ ገቢዎች በሚፈተኑበት መድረክ፣ ሲመዘን 341 ፓውንድ ነበር፤ ያንን ተሸክሞ 40 ያርዱን በ4.78 ሰከንድ ጨረሰው። ተቮንድሬ ስዌት ደግሞ በ2024 እዚያው ቦታ 366 ፓውንድ፣ 166 ኪሎ ወጣው። በ1985 የቺካጎው ዊሊያም ፔሪ 335 ፓውንድ አካባቢ በመሆኑ ብቻ አገር ምድሩ ጉድ ብሎ ኮሌጅ ሳለ በወጣለት "ፍሪጁ" በሚል ስም ይጠራው ነበር። ዛሬ ያን የሚያህል ሰው ያለው ቡድን ብዙ ነው።

መጠርጠር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? አንድ ተጫዋች ወደ ሊጉ ሲገባ ሚዛን ላይ ወጥቶ በይፋ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ግን ድረ ገጹ ላይ ያለው ቁጥር ለዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። 300 የሚለው ሰው 318 ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ 288 ሆኖም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የካምፕ ዜና ስታነቡ "ከስቶ መጣ"፣ "ጡንቻ ጨመረ" የሚሉትን መስመሮች አትዝለሉ። አዲስ ክብደት ካያችሁ አሮጌውን ሰርዙት።

3. ማን የት ይቆማል?

ዋናው ነገር እዚህ ስላለ ትንሽ እንቆይበት።

አጥቂው ቡድን መሃል ላይ አምስት ግዙፍ ሰዎች ያሰልፋል። መሃለኛው ሴንተር ነው። ግራና ቀኙ ጋርዶች፣ ከነሱ ውጪ ታክሎች ይቆማሉ፤ ከተከላካዮቹ "ዲፌንሲቭ ታክል" ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። በሰዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ጋፕ ይባላል። በሴንተርና በጋርድ መካከል ያለው ኤ ጋፕ ነው፤ በጋርድና በታክል መካከል ያለው ቢ፤ ከታክሉ ውጪ ያለው ሲ።

ተከላካዩ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ በቁጥር ይጠራል። ዜሮ ማለት ልክ በሴንተሩ ፊት ለፊት ነው። አንድ በሴንተሩ ትከሻ ላይ ነው። ሦስት በጋርዱ የውጪ ትከሻ ላይ፣ አምስት በታክሉ የውጪ ትከሻ ላይ ነው። ዘጠኝ ደግሞ ከሁሉም ውጪ፣ የመስመሩ ጠርዝ ላይ ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚቆም ነው። ተንታኞች "ስሪ ቴክኒክ" ሲሉ ከሰማችሁ የሚያወሩት ስለዚህ ነው።

ኪሎ ትርጉም የሚያገኘው ከነዚህ ቁጥሮች ጋር ሲገናኝ ነው።

ዜሮ ወይም አንድ ላይ የሚቆመው ኖዝ ታክል ሥራው ሁለት ሰው ማድከም ነው። ሴንተሩና ጋርዱ ሁለቱም እሱ ላይ ከተጣበቁ፣ ከኋላው ያለው ላይንባከር የሚነካው ሳይኖር ሯጩን ይይዛል። ኖዙ አንድም ሰው ሳይጥል ጨዋታውን ጨርሶ የሜዳው ምርጥ ሰው ሊሆን ይችላል። የጎጆ ምሰሶ ማለት ነው፤ እንግዳ ገብቶ የሚያደንቀው ግድግዳውን ነው። ለዚህ ሥራ 320 ፓውንድና ከዚያ በላይ ቅንጦት አይደለም።

ሦስት ላይ የሚቆመው የተለየ ፍጡር ነው። የሱ ጋፕ ቢ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ጋርድ ጋር ብቻውን ይፋጠጣል። እሱ ቀድሞ ገብቶ ማፍረስ አለበት። አሮን ዶናልድ የተመዘገበው 280 ፓውንድ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ነበር። በ2014 ድራፍት (ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት) ሲወጣ ለቦታው አጭርና ቀላል ነው ተብሎ ነበር፤ ራምስ በ13ኛ ምርጫ ወሰደው። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማትን ሦስት ጊዜ ወስዶ በ2024 ጡረታ ወጣ። "ቀጫጫ ነው" የሚለውን ክርክር ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ዶናልድ አንድ ነው። የናንተ ቡድን 280 ፓውንዱ ልጅ ዶናልድ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ጫፍ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ከ250 እስከ 275 ፓውንድ ናቸው፤ ከ113 እስከ 125 ኪሎ። ሰው የሚያየው ሳካቸውን ነው፤ ኳርተርባኩን ኳሱን ሳይወረውር መጣላቸውን። ሌላም ሥራ አላቸው፤ ሯጩ ወደ ውጪ እንዳይዞር ጫፉን መዝጋት። 245 ፓውንድ የሚመዝን ፈጣን ልጅ በሦስተኛ ዳውን ያስጨበጭባል፤ በአንደኛ ዳውን ግን ታክሉ እንደ መጋረጃ ገፍቶ ይከፍተዋል።

ስለ ቁመትም አንድ ነገር ልበል። መርካቶ ኩንታል የሚያነሳ ወዛደር አይታችኋል? ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚያነሳ የለም። ጉልበቱን አጥፎ ከሥር ይገባል። እዚህም ዝቅ ብሎ የገባ ያሸንፋል። በጣም ረጅም የሆነ ኖዝ ታክል ሲደክመው ቀና ይላል፤ ቀና ካለ ደግሞ 340 ፓውንዱም አያድነው። በሌላ በኩል ረጅም ሰው ረጅም ክንድ አለው፤ ክንድ ደግሞ ተጋጣሚው ደረቱን ሳይይዘው ቀድሞ ለመያዝ ይጠቅማል። ስለዚህ ከቁመት ይልቅ የክንድ ርዝመትን ፈልጉ፤ ድራፍት ሲደረግ ከተለኩት ነገሮች መካከል ይገኛል።

አሁን ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ "ምሰሶ"፣ "ውስጥ ሰርሳሪ"፣ "ጫፍ"። እያንዳንዱን ስም አንድ ቦታ ብቻ አስገቡ። ሁለቱንም የሚችል ካለ ኮከብ አድርጉበት። ኮከቡ በኋላ ዋጋ ያወጣል።

4. "4-3 ነው ወይስ 3-4?" የሚለውን ተዉት

ከፊት አራት ሰው ከኋላቸው ሦስት ላይንባከር ነው ወይስ ሦስትና አራት የሚለው የድሮ ክርክር ነው። ዛሬ ቡድኖች ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ የሚጫወቱት ኒክል በሚባለው አሰላለፍ ነው፤ ከኋላ አምስት ሰው፣ ከፊት ብዙውን ጊዜ ሁለት ውስጥ ሁለት ጫፍ። ስለዚህ የምትጠይቁት ሌላ ጥያቄ ነው። ሦስተኛ ዳውን ላይ ስምንት ያርድ ሲቀር አራቱ እነማን ናቸው? አንድ ያርድ ሲቀርስ? መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ቡድናችሁ ወይ በጣም ጎበዝ ነው ወይ ሰው የለውም።

ፌብሩዋሪ 2008 ላይ ኒው ዮርክ ጃይንትስ 18 ጨዋታ ያልተሸነፈውን ኒው ኢንግላንድ 17 ለ 14 ሲያሸንፉ ቶም ብሬዲን አምስት ጊዜ ጥለውታል። አንዱ ዘዴያቸው ለጫፍ የተሠራውን ጀስቲን ተክን ለውርወራ ዳውን መሃል ማስገባት ነበር። ለጋርዶቹ ፈጠነባቸው። በወረቀት ላይ "መሃሉ ሳሳ" ያስብላል። ለዚያ ዳውን ግን ትክክል ነበር። ኮከብ ያደረጋችሁባቸው ሰዎች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው።

5. ስናፑን አስሉ

ደጋፊ "ጥልቀት አለን" ሲል ስንት ስም አለን ማለቱ ነው። ጥልቀት ግን የሚለካው በሥራ መጠን ነው። ኳሱ በተነሳ ቁጥር አንድ ስናፕ ይቆጠራል። ለምሳሌ ተከላካያችሁ በአንድ ጨዋታ 62 ስናፕ ቢጫወትና ከፊት አራት ሰው ቢያሰልፍ፣ 248 የሰው ስናፕ መሞላት አለበት።

ሁለቱ የውስጥ ጀማሪዎች እያንዳንዳቸው 40 ይጫወቱ እንበል። 150 ኪሎ ተሸክሞ፣ በየ40 ሰከንዱ ከሌላ 150 ኪሎ ጋር መጋጨት ነውና ከዚያ በላይ ብትጠይቁ አራተኛው ሩብ ላይ ባዶ ታገኟቸዋላችሁ። ጫፎቹ ቀለል ስለሚሉ 48፣ 48 ይጫወቱ። ድምሩ 176 ነው። 72 ይቀራል።

ይህ 72 የማን ነው? አምስተኛውና ስድስተኛው 50ውን ቢወስዱ 22 ለሰባተኛውና ለስምንተኛው ይቀራል። ሁሉም ሰው ጤነኛ ሆኖ እንኳ ሰባተኛው ሰው 12 ገደማ ስናፕ አለው። በ17 ጨዋታ ከ200 በላይ ነው። አንድ ጀማሪ ሲጎዳ ደግሞ የሱ 40 ወደ ታች ይንከባለልና የሰባተኛው ድርሻ እጥፍ ይሆናል።

በናንተ ቡድን ቁጥሩ ይለያያል፤ ያለፈውን ዓመት ፕሮ ፉትቦል ሪፈረንስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በየተጫዋቹ ታገኛላችሁ። እኔ የማየው ከሁሉ በፊት ኖዝ ታክሉን ነው። ከስናፑ 70 በመቶውን ከተጫወተ አሠልጣኙ ምትኩን አያምነውም ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ሲሠራ ምን ይመስላል ካላችሁ የፌብሩዋሪ 2025 ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) መልሳችሁ እዩት። ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ስታሸንፍ ፓትሪክ ማሆምስ ስድስት ጊዜ ተጥሏል። ያውም ከኋላ አንድም ተጨማሪ ሰው ሳይልኩ፣ በአራት ሰው ብቻ። ሁለቱን ሳክ ያገባው ሚልተን ዊሊያምስ ዓመቱን ከጄለን ካርተርና ከዴቪስ ጋር እየተፈራረቀ የቆየ ልጅ ነው። በቀጣዩ ወር ገበያ ወጥቶ ከኒው ኢንግላንድ ጋር እስከ 104 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ፈረመ። ጥሩ ተቀያሪ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የዓምናው ጥልቀት ለዘንድሮ አይቆጠርም።

6. አንድ ስም ሰርዙ

አሁን ወረቀታችሁ ላይ ካለው "ምሰሶ" የመጀመሪያውን ስም ሰርዙ። ማን ገባ? ያ ሰው ከሦስት ላይ ተነቅሎ የመጣ 290 ፓውንድ ልጅ ከሆነ፣ በአንድ ጉዳት ሁለት ቦታ ሳስቷል።

ይህን ያየሁት በሌላ ቡድን ላይ ነው፤ እኛ ነን ያስተማርናቸው። በ2022 ፊላደልፊያ ስምንት ጨዋታ ተጫውታ ስምንቱንም አሸንፋ ነበር። ኦክቶበር 30 ላይ ጆርዳን ዴቪስ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ስለነበር፣ ሳክም ስላልነበረው፣ ብዙ ሰው ልቡ አልደነገጠም። ኖቬምበር 14 ቡድናችን ዋሽንግተን እዚያው ፊላደልፊያ ገባች። 49 ጊዜ ሮጠች፤ 152 ያርድ። በአንድ ሩጫ ሲካፈል ሦስት ያርድ ብቻ ነው፣ አያምርም። ግን ሦስት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ሰዓቱን በላው። ዋሽንግተን ኳሱን ከ40 ደቂቃ በላይ ይዛ 32 ለ 21 አሸነፈች።

ከዚያ የሆነውን እዩ። ፊላደልፊያ በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው አስፈረመች፤ የ34 ዓመቱን ሊንቫል ጆሴፍንና የ35 ዓመቱን ንዳሙኮንግ ሱን። ሁለቱም ያኔ ቡድን አልነበራቸውም። እስከ ሱፐር ቦውልም አብረው ሄዱ። ለኔ ትምህርቱ የነሱ ማርጀት አይደለም፤ ያ ቡድን በዚያ ሲዝን 70 ሳክ ያገባ፣ አራት ተጫዋቾቹ ከአሥር በላይ ሳክ ያላቸው ቡድን ነበር። በስም ሞልቶ ተርፎት ነበር። የጎደለው ሁለተኛ ምሰሶ ነበር።

ስረዛውን ጫፍ ላይም ድገሙት። እዚያ ግን ሁለት ስም በአንዴ ሰርዙ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታዩታላችሁ።

7. የኦገስት ጨዋታዎችን በሌላ ዓይን እዩ

ሦስት የማሟሟቂያ ጨዋታ አለ። ውጤቱን እርሱት። ኳሱንም ለሁለት ሰከንድ እርሱት፤ ኳሱ ሲነሳ ዓይናችሁን መሃል ላይ ትከሉ።

መጀመሪያ ማን ከማን ጋር እንደገባ ጻፉ። አንድ ልጅ ሁለት ሳክ አግብቶ ስልካችሁ በመልእክት ቢጨናነቅ፣ በስንተኛው ሩብ ነው ብላችሁ ጠይቁ። አራተኛው ሩብ ላይ ከሆነ ከፊቱ የነበረው ታክል በሳምንቱ ሥራ ፈላጊ የሚሆን ሰው ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሩብ ላይ የተገፋ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያሳያችኋል።

ከዚያ ረጅም ድራይቭ (አንድ ቡድን ኳሱን ይዞ የሚያካሂደው ተከታታይ ጥቃት) ጠብቁ፤ አሥር ስናፕ ያለፈ። ስምንተኛው ላይ ማን እጁን ወገቡ ላይ አደረገ? ማን ቀና ብሎ መጣ? ሁለት ሰው ሲገፋው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ላይንባከሩ ላይ የወደቀው ማን ነው? ባለበት የቆመ፣ አንድ እርምጃም ያላለፈ ልጅ ካያችሁ ምልክት አድርጉበት። ማንም ስሙን አይጠራውም፤ እናንተ ግን አሁን ታውቃላችሁ።

ሦስተኛ ወይም አራተኛ ዳውን ላይ አንድ ያርድ ሲቀር ማን ሮጦ እንደሚገባም እዩ። አሠልጣኙ በአፉ የማይነግራችሁን በዚያች ቅጽበት ይነግራችኋል።

8. የቅነሳው ቀን

ኦገስት መጨረሻ ላይ 90ው ወደ 53 ይወርዳል። ብዙ ቡድን ከዲ-ላይን ጫፉን ጨምሮ ዘጠኝ ወይም አሥር ይይዛል። በጨዋታ ቀን ግን 53ቱ ሁሉ አይለብሱም። ቢበዛ 48 ናቸው፤ እሱም ስምንት የአጥቂ መስመር ሰው ከለበሰ ነው። ስለዚህ ከአሥሩ አንድ ሁለቱ ሲቪል ለብሰው ይቆማሉ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ይለብሳሉ።

ከተቀነሱት ወጣቶቹ ሌሎቹ 31 ቡድኖች እንዲወስዷቸው ለአንድ ቀን ዌቨር ላይ ይወጣሉ። ማንም ካልወሰዳቸው ቡድኑ መልሶ ልምምድ ቡድኑ ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል፤ እዚያ 16 ቦታ አለ። ከነሱ ለእያንዳንዱ ጨዋታ እስከ ሁለት ሰው ማሳደግ ይቻላል፣ አንድን ሰው ግን በመደበኛው ሲዝን ከሦስት ጊዜ በላይ አይሆንም። ስለዚህ "ዘጠነኛው ልምምድ ቡድን ውስጥ አለ" ብላችሁ ብዙ አትተማመኑ።

ስለ አንጋፋዎች አንድ ምስጢር ላክል። አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሮስተር ላይ ካለ የዓመቱ ደመወዙ የተረጋገጠ ይሆናል። ስለዚህ አንዳንድ ቡድን የፈለገውን አንጋፋ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ነው የሚያስፈርመው። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ምሰሶ የሌለው ወረቀት ካያችሁ አንድ ሳምንት ታገሱ።

9. አሁን በኛው ቡድን እንሞክረው

ዋሽንግተን ከ2017 እስከ 2020 ለአራት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለዲ-ላይን ሰጠች፦ ጆናታን አለን፣ ዳሮን ፔይን፣ ሞንቴዝ ስዌት፣ ቼስ ያንግ። የመጀመሪያዎቹ አራት የሚያስቀኑ ነበሩ። ኦክቶበር 31 ቀን 2023 ስዌት ወደ ቺካጎ፣ ያንግ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ቀን ተሸጡ። አራቱን በማምለክ ያተረፍነው ይኼ ነው።

ቀጥሎ የመጣው 2024 ነው፤ 12 አሸንፈን እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ክፍሎች የኛው) ፍጻሜ የሄድንበት። ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ፊላደልፊያ ላይ ሳክዋን ባርክሊ ቡድኑ በመጀመሪያው ስናፕ ኳሱን ሲሰጠው 60 ያርድ ሮጦ ገባ። 55 ለ 23። ሰባት ታችዳውን በሩጫ፣ 229 ያርድ በሩጫ። ያን ቀን ፓርኪንጉን የያዘው ልጅ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሄደ።

በሚቀጥሉት ወራት የተደረገውን ከላይ ባለው ወረቀት ስታዩት ይገባችኋል። 300 ፓውንድ የተመዘገበው አለን ማርች ላይ ተለቀቀ። 319 ፓውንድ የሚመዝነው ጃቮን ኪንሎ መጣ፤ ኖዙ ኤዲ ጎልድማንም መጣ። ከፔይን ጋር ሲደመሩ መሃሉ ከበደ። ሊፍት ጠጋኙ የዘለለው በዚህ ነው።

የ"ጫፍ" ዓምድ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። በ2024 በ10.5 ሳክ ቡድኑን የመራው ዳንቴ ፋውለር ወደ ዳላስ ሄደ። በምትኩ ዲያትሪክ ዋይዝ ተፈረመ። ካምፕ ሊከፈት ሲል የ36 ዓመቱ ቮን ሚለር ተጨመረ። ዶራንስ አርምስትሮንግ ነበረ። አሁን ሁለት ስም የመሰረዙን ፈተና አድርጉት። ዋይዝ በሁለተኛው ጨዋታ ግሪን ቤይ ላይ ተጎድቶ ሲዝኑ አለቀ። አርምስትሮንግ ኦክቶበር ላይ ዳላስ ውስጥ ጉልበቱን ተጎዳ፤ የሱም አለቀ። ቡድኑ ሲዝኑን 5 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ጨረሰ። ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስም ብዙ ጨዋታ ስላመለጠው ሁሉንም በዲ-ላይኑ ላይ አልጭንም። ግን ጁላይ ላይ ቡና ይዘን የኪንሎን ኪሎ ስንቆጥር፣ ከጫፉ ሁለት ሰው ቢጎድል ማን ይገባል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ወረቀቱን ከአራት ጨዋታ በኋላ መልሳችሁ አውጡና ከእውነተኛው የስናፕ ቁጥር ጋር አስተያዩት። የጻፋችሁት በእርሳስ ይሁን፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሮስተሩ ይቀያየራል።